ሳያንኳኳ የገባው እንግዳ

አባ አደራ ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ ከእህታቸው ልጅ ጋር በር ላይ ተገጣጠሙ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲያድሉ የኖሩ ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው፤ የሰው ፖስታ ከፍተው ስለማያውቁ ሰፈርተኛው ይህን ስም አወጣላቸው። እሷ ደግሞ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ምነው ፊትዎ ጠቆረ ብትላቸው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ሊያልፉ ነበር፤ ግን አልቻሉም። ሩቅ አገር ያለችው ልጃቸው ነገ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ሊተያዩ ተቀጣጥረዋል፤ መስመሩ ግን ሰሞኑን ድምፅ እየቆራረጠ፣ ምስሉን ባለበት እያስቀረ አስቸግሯል። መምህርቷ እስቲ ልየው ብላ እስከ ቤታቸው ተከተለቻቸው።

ክፍሉ ጭር ብሏል። ኮምፒውተሩን ማንም አልነካውም፤ ማራገቢያው ግን ያጉረመርማል። ካሜራው አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች፣ ጥቂት ቆየች፣ ጠፋች። መምህርቷ ደፉን ሳትሻገር ቆመች።

«አጎቴ፣ ካሜራውን ማን ከፈተው?»

«እሱ ራሱ ነዋ። አመሉ ነው።»

አባ አደራ እንዲያውም ይኮሩበታል። ስለ ልጃቸው ልብ ከእሷው ጋር ከተጻጻፉት በቀር ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ኮምፒውተሩ ግን በከፈቱት ቁጥር የልብ ሐኪሞች ማስታወቂያ ይደረድርላቸዋል። አሳቢ ነው ይላሉ። ይፈቅዳሉ ወይ እያለ ብቅ ለሚለው ጥያቄ ሁሉ «እሺ» ሲሉ ኖረዋል፤ የለመናቸውን መመለስ ነውር ይመስላቸዋል። ጉድ እኮ ነው፣ በር ላይ የቆመውን ማንነት ሳይጠይቁ ግባ ማለት!

«ይሄ ሰላይ ፕሮግራም ነው» አለች። «የሚጽፉትን ያነባል፣ ያነበበውን ለጌቶቹ ይልካል። መስመርዎን ያጨናነቀው እሱ ነው።»

«እኔ ደሞ የምን ምስጢር አለኝና ነው ልጄ? ሰላይ ትልቅ ሰው ጋ ይሂድ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ አንድም አልከፈትኩ፤ የኔን ማን ይከፍታል?»

«እርስዎ ስላልከፈቱ ሌላው አይከፍትም?»

አባ አደራ ተቆጡ። ዛሬን ልጄን ልያት፣ ነክተሽ ብታበላሺውስ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ አድርጊው አሏት። ዛሬ ካላዩዋት ምናልባት ደግመው ላያዩዋት ነው፤ ይህን ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩም።

መምህርቷ አልተሟገተችም። ስትፈልግ ቆይታ አንድ የተደበቀ ፋይል ከፈተችላቸው። ፎቶዎች ነበሩ። አባ አደራ ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወስዷቸው። አባ አደራ መነጽራቸውን ሲወለውሉ። አባ አደራ ለልጃቸው እየጻፉ፣ በመዳፋቸው እንባቸውን ሲጠርጉ። ማልቀሳቸውን ልጃቸው እንኳን አታውቅም። በር ዘግተው፣ ሰው የለም ብለው ያለቀሱትን ለቅሶ አንድ የማያውቁት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ነበር።

«ወዴት ነው ይሄ ፎቶ የሚሄደው?» አሉ።

«አላውቅም። እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው። ብቻ የእርስዎ ፊት ወደዚያ ሲጋዝ መስመሩ ለልጅዎ አይተርፍም።»

«አውጪልኝ።»

የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች፤ ማራገቢያው ዝም አለ። ሰላዩን አስወግዳ፣ በፍላሽ ይዛው በምትዞረው ጸረ ቫይረስ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መረመረችው። ገመዱን መልሳ ስትሰካ ግን ኢንተርኔቱ ጭራሽ እምቢ አለ። የቀጠሮው ሰዓት ተቃርቧል። አባ አደራ ራሳቸውን ያዙ።

«ገደልሽኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«አይዞዎት። ሰላዩ የእርስዎን መንገድ በራሱ ቤት በኩል አዙሮት ነበር። እሱ ወጣ፣ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም በዚያው ለማለፍ ይታገላል።»

«አድራሻውን ለውጦታል በይኛ» አሉ ፖስተኛው።

«እንዴታ!» አለችና የኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ሰላዩ ያስገባውን የፕሮክሲ፣ ማለትም የማለፊያ፣ አድራሻ ሰረዘች፣ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን አድራሻ ራሱ እንዲፈልግ አዘዘችው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው። መስመሩ መጣ። ማስታወቂያው አብሮት አልመጣም።

ልጃቸው እስክትደውል በቀረችው ጥቂት ጊዜ መምህርቷ መከረቻቸው። የሄደውን ፎቶ መመለስ አይቻልም፤ የወደፊቱ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የይለፍ ቃላቸውን ዛሬውኑ፣ ሰላዩ ባልነካው በእሷ ስልክ ይለውጡ። ፕሮግራም ከባለቤቱ ገጽ ካልሆነ አያውርዱ፣ ኮምፒውተሩ ልታደስ ሲል ቀጠሮ አይስጡት፣ ካሜራውን ካልፈለጉት ይሸፍኑት። ያልገባቸው ጥያቄ ብቅ ሲል እምቢ ማለት ነውር አይደለም። አባ አደራ ይህን የመጨረሻውን ደግመሽ ንገሪኝ አሏት። እውነትም እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው መስመሩ ይፈጥንለታል፣ ገመናው ቤቱ ይቀርለታል፣ ልጁንም በጊዜው ያገኛታል።

ኮምፒውተሩ ጠራ። መምህርቷ ወጥታ በሩን ዘጋችላቸው። የልጃቸው ፊት ጥርት ብሎ መጣ፤ ከስታለች። አባቷን አየቻቸውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ ብቻህን ነህ?»

አባ አደራ ክፍሉን ዞር ብለው አዩ፤ ቀጥሎ ካሜራውን አዩት።

«አዎ» አሉ። «አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ ልጄ» አሏት፤ እንባቸውንም እያየችው ሳይጠርጉ አፈሰሱት።