ከማን ወገን መጣ?

የልጄ ልጅ ስትሮጥ ራሷን ስታ ዘፍ ብላ ትወድቃለች። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ «ይሄ ከእናቷ ወገን፣ ከበዴሳ ሰዎቹ የመጣ ነው» እያልኩ ምራቴን በነገር ስወጋት ኖርኩ። ሶዶ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቧን ምት በወረቀት አወጡ። ሐኪሙ አይቶ፣ «በዘር የሚመጣ ነው፤ መድኃኒት እንሰጣታለን። እናንተም እንድትመረመሩ ተራ በተራ ተኙ» አለን። የምራቴ ወረቀት ደህና ሆነ። የእኔን ግን ከልጅቷ ጎን ዘርግቶ፣ «እናቴ፣ የእርስዎና የእሷ አንድ ነው፤ ይዞት የማይጥለውም ሰው አለ» አይለኝም!

እኔ እኮ አንድ ቀን ወድቄ አላውቅም። ሰባት ወልጄ፣ ይኸው ዛሬም እንሰት እፍቃለሁ። እንዴት ከእኔ ይመጣል? እናንተስ ይገባችኋል? ምራቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ አሁን አፏን ትከፍትብኛለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ያዘችና፣ «እማማ፣ ቀስ ብለው ይነሱ። ለእርስዎም መድኃኒቱን እንጠይቅ» አለችኝ። ከወረቀቱ ይልቅ እሷ ግራ አጋባችኝ።