የስለቱ ዘይት

ከሰቆጣ ኮረም የምነዳት አሮጌ የጭነት መኪና ዘይት እንደ ውሃ ትጠጣ ነበር፤ በየዳገቱ እያቆምሁ እጨምርላታለሁ። አንድ ቀን አንድ ቄስ ምጥ የጠናባትን ልጃቸውን ወደ ሐኪም ለማድረስ ተሳፈሩ። መንገዱን አጋምሰን ልጨምር ስወርድ፣ የዘይቱ ቆርቆሮ ተበስቶ ሁሉም ፈስሷል።

«አባ፣ እንዲሁ ብነዳ ሞተሩ ይቃጠላል» አልኋቸው።

ቄሱ ለኮረም ደብር መብራት የተሳሉትን የኑግ ዘይት ከስልቻቸው አወጡ። «ይህ አይሆንም?»

«ምናልባት ያደርሰን ይሆናል፤ ሞተሩን ግን ያበላሸዋል። ደግሞስ የቤተ ክርስቲያን አይደለም?»

«እሷስ የማን ናት?» አሉኝ ልጃቸውን እያዩ።

ጨመርሁትና ኮረም ገባን። በማግስቱ የኑጉ ዘይት እንደ ሙጫ ረግቶ መኪናዋ አልነሳ አለች። ለባለቤቱ ምን እንደምል ጨንቆኝ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ቄሱ መጡ።

«ልጅዎስ?» አልኋቸው።

«እሷ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም።»

የተከፈተውን ሞተር አዩና አጠገቤ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። ለባለቤቱ እኔው ራሴ እነግርልሃለሁ» አሉኝ።

እሳቸውን ማጽናናት ሲገባኝ፣ እኔው አለቀስሁ።