ያሳተሙ ሰዎች ዝርዝር

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ መዝገብ ቤት፤ የኮሌጁ ዲን ዶክተር እታፈራሁ አዲሱን የኮሌጁን ዜና መጽሔት ይዘው ከመስኮቱ ወዲህ ቆመዋል፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ ቸኮለ ማህተማቸውን ይዘው ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠዋል።

ጋሽ ቸኮለ፦ ሚካኤል ምስክሬ ነው! ከሽፋኑ እስከ ጀርባው የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልፈጠርኩም። ካላመኑኝ መዝገቡን ላውጣ፣ ቀን በቀን፣ ቁጥር በቁጥር።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ጋሽ ቸኮለ፣ መዝገብ አልጠየቅኩም። እዚህ ላይ «ኮሌጃችን በዘንድሮው ዓመት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሥራዎች አሳተመ» ይላል።

ጋሽ ቸኮለ፦ አሳተመ።

ዶክተር እታፈራሁ፦ እኛ ያሉን መምህራን አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

ጋሽ ቸኮለ፦ ትጉህ ናቸው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት!

ጋሽ ቸኮለ፦ ጥቅምት ላይ የማህተሙ እጀታ ተሰብሮ ሁለት ሳምንት ስለቆምን ነው እንጂ አምስት መቶ ይገባ ነበር።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ማህተሙ? ማህተሙ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ጋሽ ቸኮለ፦ ታዲያ ያለ ማህተም በምን ይታተማል?

ዶክተር እታፈራሁ፦ ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። ከአዳማ ስደውልልዎ ምን ነበር ያልኩዎት?

ጋሽ ቸኮለ፦ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። «ስልጠና ላይ ነኝ፣ ዜና መጽሔቱ እንዳይዘገይ፣ ከመምህራኑም ከተማሪዎቹም በዓመቱ ውስጥ ያሳተሙትን ለቅመው ለማተሚያ ቤት ይላኩልኝ» አሉኝ። እኔም «ማን ምን እንዳሳተመ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አልኩ። «ተባረኩ» ብለው ዘጉት።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ጽሑፍ ያሳተሙትን ማለቴ ነበር!

ጋሽ ቸኮለ፦ ባዶ ወረቀት ላይማ አላትምም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚች ወንበር ላይ ስቀመጥ አንድ ቀን ባዶ ወረቀት ላይ አላተምኩም።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ጋሽ ቸኮለ፣ በእግዜር። ማሳተም ማለት ጥናት ሠርቶ፣ ለሌሎች ምሁራን ሰጥቶ፣ እነሱ አይተው፣ አርመው፣ ጥለው፣ መልሰው...

ጋሽ ቸኮለ፦ እኔስ ሳላይ ነው እንዴ የምመታው? ስንቱን መልሻለሁ! መምህር ወንድይራድን በአንዲት ወረቀት ሦስት ጊዜ አመላልሼዋለሁ። መጀመሪያ ቀን የለውም፣ ቀጥሎ ፊርማ የለውም፣ ቀጥሎ ደግሞ በወጥ የተነካ ነው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ መምህር ወንድይራድ። እሱን አነሡልኝ። ገጽ ሦስት፣ «የጂኦግራፊው መምህር ወንድይራድ በአርባ አንድ ኅትመት ከኮሌጁ አንደኛ ወጣ።» ዛሬ ጠዋት ደወልኩለት። ምን አለኝ?

ጋሽ ቸኮለ፦ ደስ አለው?

ዶክተር እታፈራሁ፦ «ዶክተር፣ እኔም ከመጽሔቱ ነው የሰማሁት» አለኝ።

ጋሽ ቸኮለ፦ ትሑት ልጅ ነው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ያንብቡልኝማ፣ ምን ይላል? «የሁለተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት በር አለመዘጋቱን ይመለከታል፣ ክፍል አንድ።» «የሁለተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት በር አለመዘጋቱን ይመለከታል፣ ክፍል ሁለት።» እስከ ክፍል አሥራ አራት!

ጋሽ ቸኮለ፦ በአሥራ ሦስተኛው በሩ ተሠራ። አሥራ አራተኛው ምስጋና ነው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ይኼ ደብዳቤ ነው እንጂ ጥናት ነው?

ጋሽ ቸኮለ፦ ጥናት ባይሆን በሩ ይሠራ ነበር? በርግጥ ሲሠሩት መቀርቀሪያውን በውጭ በኩል አደረጉት። የታሪኩ መምህር ዓርብ ከሰዓት ገብቶ ሰኞ ጠዋት ነው የወጣው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ምን?

ጋሽ ቸኮለ፦ ማመልከቻ ጽፎ በበሩ ሥር አሾለከ። ጽዳቷ ይዛልኝ ስትመጣ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ መሳቢያውን ቆልፌያለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መዝገብ ቤት አይከፈትም። ሰኞ ገና በሩን ስከፍት የሱን ነው ያተምኩለት፣ ወረፋ እንኳን አላስያዝኩትም። ገጽ አራት ላይ አለ፤ «እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ»።

ዶክተር እታፈራሁ፦ እኔ ደግሞ ይቺን ስለ ነጻነት የተጻፈች መስላኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ቸኮለ፦ ስለ ነጻነት አይደለችም እንዴ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ ገጽ አምስት። «ከተማሪዎች በኅትመት ብዛት ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ተማሪ ሞላልኝ።» ይኼ ልጅ ትምህርት ክፍል ሲቀያይር ዓመቱ ያለቀበት አይደለም?

ጋሽ ቸኮለ፦ ዘጠኝ የዝውውር ደብዳቤ አሳትሟል። ከፍልስፍና ወደ ሶሲዮሎጂ፣ ከሶሲዮሎጂ ወደ ቲያትር፣ ከቲያትር ወደ ታሪክ፣ ከታሪክ ደግሞ «የረሳሁት ዕቃ አለ» ብሎ ወደ ፍልስፍና። እርስዎ ራስዎ አይደሉም በአቀባበሉ ቀን «የሊበራል አርትስ ተማሪ ከሁሉም ትምህርት ይቅመስ» ያሉት? ሌሎቹ አጨበጨቡ፣ እሱ ቀመሰ።

ዶክተር እታፈራሁ፦ አባቱስ ይኼን አይተው ቢሆን?

ጋሽ ቸኮለ፦ አይተዋል። ዓርብ ከገጠር መጥተው ገጹን በመስታወት አስገጥመው ወሰዱት። «እኔ በሰባ ዓመቴ አንድ ጊዜ ነው ያሳተምኩ፣ እሱም የመሬት ደብተሬን» አሉኝ።

ዶክተር እታፈራሁ፦ አይ ጋሽ ቸኮለ። እኔ እስቃለሁ፣ ኮሌጁ ግን ሊዘጋ ነው።

ጋሽ ቸኮለ፦ የቱ ኮሌጅ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ ይኼ! የኛው! አራት ሰዓት ላይ ሴኔቱ ይሰበሰባል፣ አጀንዳው አንድ ነው። «በዓመት አንድ ጥናት እንኳ የማያሳትም ኮሌጅ ራሱን ችሎ አይቆምም፣ ወደ ቢዝነስ ኮሌጅ ይጠቃለል» ብለው ነው የተነሱብን።

ጋሽ ቸኮለ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት ያሳተመስ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ እሱን ነው የምነግርዎት። ፕሬዚዳንቱ ትናንት መጽሔቱን ቤታቸው ወስደው ሲያነቡ ዋሉ። ዛሬ በማለዳ ደወሉልኝ።

ጋሽ ቸኮለ፦ ተቆጡ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ ተደሰቱ! ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ያ የበሩ ጥናት! አንድን ችግር አሥራ አራት ክፍል ድረስ የተከታተለ ተመራማሪ በዚህ ግቢ አላየሁም» አሉኝ።

ጋሽ ቸኮለ፦ እኔም ለዚህ ልጅ ጠበቅ አድርጌ ነው የምመታለት።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ቀጠሉና «ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘሽ ነይ። ሴኔቱ በዓይኑ ይየው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካችሁም» አሉኝ።

ጋሽ ቸኮለ፦ አንድ? አንድ ምን ይቸግራል? የሁሉም ቅጂ እዚህ አለ። ይቺን ይውሰዱ፣ ማህተሟ ንጹሕ ነው፣ ክቡ አልተቆረጠም፣ ፊደሉም ይነበባል።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ምንድን ናት?

ጋሽ ቸኮለ፦ «የሁለት ወንበርና የአንድ መጥረጊያ ርክክብ»።

ዶክተር እታፈራሁ፦ አምላኬ!

ጋሽ ቸኮለ፦ መጥረጊያው ካልተመቸዎ የወንበር ብቻም አለ።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ጥናት ነው የሚፈልጉት! የታተመ ጥናት! ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ላገኘሁት መምህር ሁሉ ስደውል ነው ያረፈደው። አንዱ «ሐሳቡ አለኝ» ይላል። አንዱ «ርዕሱን ጨርሻለሁ» ይላል። አንዱማ «እንኳን ደስ ያለን፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ደረስን አይደል?» ብሎ ዘጋብኝ።

ጋሽ ቸኮለ፦ መሰናዶ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ቢዝነስ ኮሌጅ ከገባን ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? ፍልስፍናውን «የደንበኛ አያያዝ» ሥር ያደርጉታል። ቲያትሩን ማርኬቲንግ ይወስደዋል። ታሪክማ ማን እንደሚወስደው እንጃ፣ ራሱ ታሪክ ሆኖ ይቀራል መሰለኝ።

ጋሽ ቸኮለ፦ መዝገብ ቤቱስ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ እነሱ መዝገብ ቤት የላቸውም። በኮምፒውተር ነው።

ጋሽ ቸኮለ፦ ማህተምስ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ እሱም በኮምፒውተር።

ጋሽ ቸኮለ፦ በኮምፒውተር! ድምፁስ? ሰው ጉዳዩ ማለቁን በምን ያውቃል?

ዶክተር እታፈራሁ፦ አላውቅም፣ ጋሽ ቸኮለ። እንጃ።

ጋሽ ቸኮለ፦ እንግዲያው ይስሙኝ። የወንድይራድን አሥራ አራቱን ክፍል በአንድ ላይ እሰፋዋለሁ፣ ቀይ ሽፋን አለብሰዋለሁ፣ ከፊትም ከኋላም እመታበታለሁ። ሴኔት ፊት ሲቀመጥ እኮ ከመጽሐፍ አይለይም።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ሲከፍቱትስ?

ጋሽ ቸኮለ፦ ሴኔት ይከፍታል እንዴ?

ዶክተር እታፈራሁ፦ ...እውነቱን ልንገርዎት? ቅድም ክፍል ስምንትን ደጋግሜ አነበብኳት። «በሩ ሲዘጋ አይዘጋም፣ ሲከፈትም አይከፈትም፣ በመካከል ቆሞ ሁላችንንም ያያል» ይላል። ይኼኮ ጥሩ ነው ብዬ... ይዣት ልግባ ሁሉ ብዬ ነበር።

ጋሽ ቸኮለ፦ ታዲያ!

ዶክተር እታፈራሁ፦ አይሆንም። አይሆንም፣ ጋሽ ቸኮለ። ተማሪን «ከሌላ ሰው ገለበጥክ» ብዬ ውጤቱን የምሰርዝ ሰው፣ የሽንት ቤት አቤቱታ ጥናት ነው ብዬ ሴኔት አልገባም። ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ። ይጠቅልሉን፣ ያፍርሱን፣ የፈለጉትን ያድርጉ።

ጋሽ ቸኮለ፦ ምን ብለው ነው የሚናገሩት?

ዶክተር እታፈራሁ፦ «የተከበራችሁ የሴኔት አባላት፣ በዜና መጽሔታችን ላይ የተዘረዘሩት አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ማህተም የተመታባቸው ደብዳቤዎች እንጂ የታተሙ ጥናቶች አይደሉም። ስሕተቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» በቃ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጋሽ ቸኮለ፦ እንዲያስ እንዳይሉ።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ለምን?

ጋሽ ቸኮለ፦ እውነት እናገራለሁ ብለው ገብተው ውሸት ይሆንብዎታል።

ዶክተር እታፈራሁ፦ የቱ ነው ውሸቱ?

ጋሽ ቸኮለ፦ ቁጥሩ። ማህተም የተመታባቸው አራት መቶ አሥራ አንዱ ናቸው። አንዷ... አንዷ አልተመታባትም።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ጋሽ ቸኮለ፣ አሁን ቅድም እኮ ሚካኤልን ጠርተው ማሉልኝ!

ጋሽ ቸኮለ፦ ምያለሁ፣ ንስሐ እገባለሁ። አንዷን ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። መምህርት ትደነቅያለሽን ያውቋታል አይደል? ያቺን የአማርኛ ትምህርት ክፍሏን።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ዝምተኛዋን? አራስ አይደለችም እንዴ?

ጋሽ ቸኮለ፦ አራስ ናት። እሷ ዓመቱን ሙሉ እዚች መስኮት መጥታ አታውቅም። የወሊድ ፈቃዷን እንኳ ይዞ የመጣው ባሏ ነው፣ ለሷ አይቆጠርም። አሥራ ስምንቱ መምህራን ስማቸው ሲወጣ የሷ ብቻ ባዶ ሊሆን ነው። አራስ ቤት ተኝታ መጽሔቱን ስትገልጥ ታየችኝ። አንጀቴ አልቻለም። ገጽ ሰባት ላይ ከሁሉም በታች፣ በደቃቁ፣ «በውጭ አገር አንድ አሳትማለች» ብዬ አስገባሁላት።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ከሜዳ ተነሥተው?

ጋሽ ቸኮለ፦ ከሜዳስ አይደለም፣ መነሻ አለኝ። ከውጭ አገር በስሟ ፖስታ መጥቶላት ነበር። ገቢ ፖስታ ስለሆነ ከፍቼ መዘገብኩት። ወፍራም መጽሔት ነው፣ እንግሊዝኛ። ርዕሱን እንዳለ ከዚያ ላይ ነው የገለበጥኩት።

ዶክተር እታፈራሁ፦ የምን መጽሔት?

ጋሽ ቸኮለ፦ የባጃጅ ማስታወቂያ ይመስለኛል። የከተማችን ባጃጆች በሙሉ ከጀርባቸው ፎቶ ተነሥተው ገብተዋል። «አትግፋኝ፣ እኔም ዘግይቻለሁ» የምትለዋ የሰፈራችን ባጃጅ ሳትቀር። ባጃጅ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እየለቀሙ በእንግሊዝኛ አብራርተውታል። ገዛች መሰለኝ፣ ወይ ልትገዛ ነው።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ስሟ የት ላይ ነው ያለው?

ጋሽ ቸኮለ፦ ከላይ ነዋ፣ በትልቁ። ከስሟ ሥር የኮሌጃችን ስም አለ። ከዚያ ሃያ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ባጃጅ ነው። ከየገጹ ግርጌ ደግሞ ቁጥር የተሰጣቸው ጉንዳን የሚያካክሉ ጽሑፎች አሉ፣ እነሱንስ ዓይኔም አልቻላቸው። መጨረሻው ላይ የሰው ስም ብቻ ነው ተደርድሮ፣ የባጃጅ ደንበኞች ይሆናሉ።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ጋሽ ቸኮለ።

ጋሽ ቸኮለ፦ አቤት፣ ዶክተር።

ዶክተር እታፈራሁ፦ መጽሔቱ አሁን የት ነው?

ጋሽ ቸኮለ፦ ከሥሬ። ወንበሩ ዝቅ ስለሚል መስኮቱ ጋ አያደርሰኝም፣ እሷ እስክትመጣ ብዬ ተቀምጬበታለሁ። በንጹሕ ጨርቅ ነው የጠቀለልኩት።

ዶክተር እታፈራሁ፦ ይነሡ።

ጋሽ ቸኮለ፦ ዶክተር...

ዶክተር እታፈራሁ፦ ይነሡና ይስጡኝ፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው!

ጋሽ ቸኮለ፦ እሺ፣ ይውሰዱት። ግን እባክዎን፣ ሴኔት ፊት ይዘውት ገብተው ራስዎን እንዳያዋርዱ። ቅጠል በቅጠል አገላብጬዋለሁ፤ አንድም ማህተም የለበትም።