የቢርካው ቁልፍ

ስሙኝማ። በእርዳታ ድርጅት ስሠራ፣ ቱሊ ጉሌድ አጠገብ ያስገነባነው ቢርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሰዉን ምን ያህል እንደጠቀመ ጠይቄ እንድመጣ ተላክሁ። ሶማሊኛ አልችልም። የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አማርኛ ስለሚችል እሱ አስተረጎመልኝ። ሴቶቹ ብዙ ይናገራሉ፤ እሱ "ደስተኞች ነን ይላሉ" ይለኛል፤ እኔም እጽፋለሁ። ቅጹን ሞልቼ ወደ መኪናው ስሄድ ኢዶ ሐሊማ፣ አክስት ሐሊማ እንደማለት ነው፣ የሚባሉ እናት ተከተሉኝ።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ ልጄ?" አሉኝ ጥርት ባለ አማርኛ። ለካ ዕድሜያቸውን ጅግጅጋ ገበያ ወተት ሲሸጡ ነው የኖሩት! አነበብኩላቸው። ሳቁ።

"እኛ እንደዚህ አላልንም። የቢርካው ቁልፍ ሊቀመንበሩ ጋ ነው። ለንግድ ቶጎጫሌ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል፤ እስኪመለስ ውሃው እያለ እንጠማለን።"

"ታዲያ እዚያው ለምን አልነገሩኝም?"

"በሰው ፊት ላዋርደው? ክፉ ሰው እኮ አይደለም፤ ይረሳናል እንጂ።"

እንዴት እንዳፈርኩ! በዚያ ቅጽ ተማምነን ሌላም መንደር ልክ እንደዚያው ልንሠራ ነበር። ገጹን ቀደድኩና፣ የሰውየውን ስም ሳላነሳ፣ ለሴቶቹም ቁልፍ ይቀረጽላቸው ብዬ ጻፍኩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ለተናገረው ሰው መልሼ ሳላነብ ከቦታው ተነስቼ አላውቅም።

ሌላ ጊዜ ስመለስ ኢዶ ሐሊማ አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሉትን ቁልፍ አውጥተው አሳዩኝ።

"በይ፣ አሁን ደስተኞች ናቸው ብለሽ ጻፊ።"