እንጥሏ ወርዶ ነው ያሏት ሴት

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ነርስና አንዲት እናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«የምን ሥልጠና ነበር ልጄ?»

«ሰው አንገታቸውን አንቋቸው ስለተረፉ ሴቶች ነው፣ እማማ። ሁለተኛ ዙራችን ነው። ፖሊሶችም አብረውን አሉ።»

«ከተረፉማ ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?»

«እኛም እንደዚያ ነበር የምንለው። ለካ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይጎዳል። ቆይቶም ሊብስ ይችላል።»

«ካልታየ በምን ታውቂያለሽ?»

«ድምፅዋ ይዘጋል። ስትውጥ ያማታል።»

«ይሄማ እንጥል መውረድ ነው! እኛ ሠፈር አንገቷን አሽተን ማር እናልሳታለን።»

«ኧረ እንዳታሹ እማማ! ከመጀመሪያው ዙር እንደተመለስኩ አንዷን እንጥሏ ወርዶ ነው ብለው አመጡልኝ። ባሏንም እህቱንም ‹ውጭ ጠብቁ› አልኩና ‹አንገትሽን ያነቀሽ ሰው አለ ወይ?› ብዬ ጠየቅኳት።»

«ምን አለችሽ?»

«መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ዲላ ልከናት ታከመች፤ አሁን እናቷ ቤት ናት። ባለፈው ገበያ መሃል ከሩቅ ስሜን ጠርታ አስደነገጠችኝ።»

«በዚያ በተዘጋው ድምፅ?»

«ምን ተዘግቶ! ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!»

ሁለቱም እየሳቁ ሳለ፣ ይርጋጨፌ ሳንደርስ ነርሷ «ወራጅ አለ!» ስትል፣ ለእንጥሌ ብዬ ከዲላ የገዛሁትን ማር እንደያዝኩ ተከትያት ወረድኩ።