በቁም ሳጥን የተቆለፈው ቪዲዮ መቅጃ

መጽሐፍ ጠራዡ ከወንድማቸው ልጅ ጋር የተገናኙት ሳያስቡት ነው። እሳቸው የግቢ በር መቆለፊያ፣ እሷ ደግሞ የኔትወርክ ገመድ ሊገዙ መጥተው በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ልጅቱ በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረች ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የምታገናኝ ባለሙያ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሥራ በዛ እያለች የአጎቷን ደጅ ሳትረግጥ ከርማለች፤ ስለዚህ ፊቷ ላይ ደስታም እፍረትም ተደባልቆ ታያቸው።

«ጋሼ! እንደምን ከረሙ? እትዬስ ደህና ናቸው?»

ሌላ ሰው ስለ ሚስታቸው ቢጠይቃቸው «ደህና ናት፣ ተመስገን» ብለው ያልፉ ነበር። ለጎረቤትም ለደንበኛም የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። የሥጋ ዘመድ ሲጠይቅ ግን አንጀት አይችልምና፣ በእጃቸው የያዙትን ወፍራም መቆለፊያ አሳዩዋት።

«ምን ደህና አለ፣ ልጄ። መርሳቱ ብሶባታል። ትናንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከግቢ ወጥታ ጠፋች። መንገደኞች ናቸው አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ያገኟት፤ በባዶ እግሯ፣ ግንባሯ ተላልጦ። እንግዲህ ምን ላድርግ? በሩን ልቆልፍባት ነው።»

«ሊቆልፉባቸው?»

«ሌላ ምን መላ አለኝ?»

ልጅቱ ገመዱን እንደታቀፈች፣ «አብሬዎት ልምጣ፣ ጋሼ። እትዬንም ልያቸው» አለች።

የጠራዡ ቤት ለሁለት የተከፈለ ነው። ከፊት፣ ወደ ጎዳናው፣ የጥረዛው ክፍል አለ፤ ከጀርባው ትንሽ ግቢና መኖሪያ ቤት። በመካከል ወፍራም ግንብ ቆሟል፤ መሻገሪያውም አንድ የብረት በር ብቻ ነው። የወረቀት መቁረጫው ሞተር ሲነሳ አቧራው ወደ መኖሪያው እንዳይገባ ጠራዡ በሩን ከሥራ ክፍላቸው በኩል ይቀረቅሩታል። እትዬ ጤነኛ ሳሉ ገጾቹን በመርፌ የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ባልየው ይቆርጣሉ፣ ሚስት ይሰፋሉ፤ ትዳራቸውም ሥራቸውም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያረጀ ነው። እጃቸው መርፌውን መያዝ ሲያቅተው ግን ጠራዡ «አንቺ ዕረፊ» ብለው ወደ መኖሪያው መለሷቸው። በቅንነት ያደረጉት ነው።

አጎትና የወንድም ልጅ ሲደርሱ እትዬ ግቢ ውስጥ፣ ወንበር ላይ፣ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተቀምጠዋል። ግንባራቸው በፋሻ ታስሯል። ልጅቱን ትኩር ብለው አዩና፣

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ውይ፣ ፀጉሬን ሳላበጥር! እንግዳ እንደሚመጣ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል ዓይኗ ከግድግዳው ላይ ካለው ካሜራ ጋር ተገጣጠመ።

ካሜራዎቹ የተገጠሙት ዓምና ሌባ ከገባ በኋላ ነው፤ አንዱ ግቢውን፣ አንዱ የውጭውን በር ያያል። የሁለቱም ገመድ የሚገባበት ቪዲዮ መቅጃ ግን መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ልጅቱ ገመዱን ተከትላ ከአጎቷ ጋር ወደዚያው ገባች።

«ጋሼ፣ መቅጃው ቀን ከሌት ይቀዳል። የሚያየው ማነው?»

«ማንም! ሌባ ከመጣ ተከፍቶ ይታያል።»

«እንግዲያው የሚነግርዎት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ የምለው፣ አንድ ገመድ ከሱ አውጥተን፣ ግንቡን በስተን፣ ከሥራ ክፍልዎ ኮምፒውተር ጋር እናገናኘው። እየሠሩ እትዬን ያያሉ። ወደ በሩ ሲሄዱ ቀድመው ይደርሳሉ።»

ጠራዡ ቱግ አሉ።

«ተይ፣ ተይ! ይህን ኔትወርክ የምትሉትን ነገር አውቀዋለሁ። የሰው ገመና በየስልኩ ሲዞር እየሰማሁ! ዓለሜ እኮ ሳታበጥር ለወተት አምጪ እንኳ በር የማትከፍት ሴት ናት። ዛሬ አእምሮዋ ቢደክም ያገር መሳለቂያ ላድርጋት?»

ይህ ቁጣ ያላዋቂ ቁጣ ብቻ አልነበረም። አዲስ ነገር ሁሉ መልካም ነው ብሎ የሚወዱትን ሰው ለማንም ዓይን የሚያጋልጥ ስንት አለ። ልጅቱም ይህን ስለተረዳች አልሳቀችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገች።

«መፍራትዎ ልክ ነው። ግን ኔትወርክ ሁሉ ኢንተርኔት አይደለም። የሥራ ክፍሉ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አለው?»

«ምን ሊያደርግልኝ? የሽፋን ርዕስ መጻፊያ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያው የሚነጋገሩት መቅጃውና እሱ ብቻ ናቸው። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል ሰው እንደሚጣራ ይቁጠሩት። ወደ ውጭ የሚወስድ መስመር ከሌለው በየት በኩል ይወጣል? ከፋብሪካ የመጣበትንም የይለፍ ቃል ቀይረን እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን እናስገባለን። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ደግሞ ካሜራ የለም፤ ወደፊትም እንዳይገባ።»

«ይሁን። ግን ሚስት በሰው ትጠበቃለች እንጂ በዕቃ ትጠበቃለች እንዴ?»

«አትጠበቅም። እትዬ ወድቀው ካሜራ ቢያያቸው አያነሳቸውም፤ ሮጠው እንዲደርሱላቸው ለእርስዎ ይነግራል እንጂ። መቆለፊያውስ ምን ይነግርዎታል? እሳት ቢነሳ፣ ቢወድቁ፣ ውሃ ቢጠማቸው፣ እሱ ዝም ብሎ ተቆልፎ ነው የሚጠብቅ።»

ጠራዡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው፣ «ነገሩ እሱ አይደለም» አሉ። «ሸሽታኝ ነው የሄደች። ዕድሜ ልኳን አብራኝ የኖረች ሴት ከእኔ ሸሸች። እሱን ነው ቁጭ ብዬ የማየው?»

ልጅቱ ይህን አላሰበችም ነበር። ወደ ቁም ሳጥኑ ዞር ብላ፣ «መሸሻቸውን በምን አወቁ? እስኪ የትናንቱን እንየው» አለች።

ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ትንሿን ስክሪን አበራች፤ ወደ ኋላ መለሰችው። እትዬ ከመኖሪያ ቤቱ ብቅ አሉ። ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ድሮ ለሥራ የሚያገለድሙትን ሽርጥ ታጥቀዋል። የታቀፉት ነገር መጀመሪያ አልለይ አለ። ልጅቱ ምስሉን ስታቀርበው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ አንድ በአንድ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ለስፌት እንደተዘጋጀ ገጽ ተነባብሯል።

ቀጥ ብለው ወደ ብረቱ በር ሄዱ። አንኳኩ። ጠበቁ። ደግመው አንኳኩ፤ በመዳፋቸው፣ ኋላም በክርናቸው። ምስሉ ድምፅ የለውም፤ አፋቸው ሲከፈትና ሲገጠም ብቻ ይታያል። ጠራዡ ግን የገዛ ስማቸውን ከዚያ አፍ ላይ አነበቡ። በዚያች ሰዓት እሳቸው ከበሩ ማዶ ወረቀት ይቆርጡ ነበር፤ ሞተሩ እየጮኸ።

እትዬ በሩ ሥር ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ እንደገና አንኳኩ። በመጨረሻ ዙሪያቸውን አዩና፣ ወደ ሥራ የሚያስገባ ሌላ በር እንደሚፈልግ ሰው፣ በውጭው በር ወጡ። አንድ ጋዜጣ ወደቀባቸው። ጎንበስ ብለው አነሡት፣ እጥፋቱን አስተካከሉት፣ ሄዱ።

«ሥራ ልትገባ ነው» አሉ ጠራዡ። «ወደ እኔ ልትመጣ ነው እኮ የጠፋች።»

አንድ ሽማግሌ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ ወጣት ምክር አይመክርም፤ ልጅቱም ስክሪኑን አጥፍታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቆይተው አፍንጫቸውን ጠረጉና መቆለፊያውን ሰጧት።

«መልሺውና በገመድ ለውጪልኝ» አሉ።

በማግስቱ ግንቡ ተበሳ፤ ገመዱም ከመቅጃው ተነሥቶ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ገባ። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ጠራዡ «አላልኩሽም?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቱ ቀደመቻቸው። «መቅጃው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው አድራሻ የሌላ ሰፈር ነው፤ የኮምፒውተሩ ጎረቤት ላድርገው» አለችና ቁጥሩን ቀየረች። ግቢው ብቅ አለ። እትዬ በወንበራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጠራዡ ስክሪኑን በሸሚዛቸው እጅጌ ወለወሉት፤ አቧራ አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ወደ ብረቱ በር ሲያመሩ ሞተሩ ይጠፋል፣ በሩ ሳይንኳኳ ይከፈታል። ገብተውም በቀድሞ ቦታቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ያጥፋሉ። ይህ ሁሉ ግን በሽታውን አልመለሰውም። እየዋሉ እያደሩ ቃላት ከአፋቸው ጠፉ፤ አንዳንድ ቀንም ባላቸውን እንደ ደንበኛ «እርስዎ» እያሉ ያናግሯቸው ጀመር። ከጎን ካለው ሱቁ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ ሽባ አባቱን የሚጦር ጎረቤት ጫማ ሰፊ፣ «ጋሼ ሚስታቸውን ቴሌቪዥን አደረጓት» እያለ ያሾፍ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ በሩ አጠገብ ደርሰው፣ ሳያንኳኩ፣ ግንቡን ተደግፈው ቀስ ብለው ሲወርዱ ስክሪኑ ላይ ታዩ። ጠራዡ ሞተሩን አጥፍተው ሮጡ። የሚስታቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ጉንጫቸውንም ዳሰሷቸው። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸውና፣ «እጅህን ታጠብ እንጂ» አሉ። «ሙጫ በሙጫ አደረግኸኝ።»

እንደ ደንበኛ አልነበረም፤ እንደ ባል ነበር። መኪና እስኪመጣ ግን ትንፋሻቸው አልቆየም።

ከቀብር በኋላ ጫማ ሰፊው ሊያጽናና መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሐዘን ፊት የሚባለውን ስለማያውቅ ብቻ፣ «ያም ሁሉ ገመድ ተዘርግቶ አልቀረላቸውም» አለ።

ጠራዡ አልተቆጡም።

«ሞትማ አይቀርም፣ ወንድሜ። ገመዱ ሞትን ይከለክላል ያለኝም የለም። ግን ስማኝ። ቤቴ ውስጥ የሚሆነውን በሰዓቱ አየሁ። መንገድ ላይ ዳግመኛ አልጠፋችም። በር አልተቆለፈባትም፤ እስረኛ ሳትሆን ኖረች። ገመናዋ ከግንባችን አልወጣም። እኔም ሥራዬን ሳልተው አስታመምኳት። የመቅጃው ጥቅም ይህ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ሳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።»

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

«አባቴ ትናንት ከአልጋ ወድቆ አገኘሁት» አለ። «መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ወለሉ ላይ ሆኖ 'ስጣራ ነበር' አለኝ።»

«አባትህን መጀመሪያ ጠይቀው» አሉ ጠራዡ። «ይታይ ካለ፣ ለወንድሜ ልጅ ዛሬውኑ እደውልላታለሁ።»