ለደጋን የተላከው ስባሪ

ነጂባ ከደጋን የተመለሰችው ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት ልብስ አጥባ የምታሰጣው ግን በግቢዋ መሃል ባለው ገመድ ላይ አይደለም፤ ከአጥሩ ጥግ፣ ከጎረቤቷ ማድ ቤት መስኮት ሥር በተወጠረው ነው። መስኮቱ ክፍት ነው። ከውስጥ ሊጥ ሲዳመጥ ይሰማል፤ የአጥንት መረቅና የተጠበሰ ዱቄት ይሸታል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይህን ሽታ ከለመደው ሰነባብቷል፤ የውሻ ብስኩት ነው። ተከራይዋ ሳሚያ የልብስ መቆንጠጫ በሳህን ይዛ ከጎኗ ቆማለች። ነጂባ የመጀመሪያውን አንሶላ ዘረጋችና፣ አጠገቧ ላለች ሴት ከሚያስፈልገው በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ዛሬስ ፀሐይዋ ጥሩ ወጣች፣ አልሐምዱሊላህ። በዚህ በደሴ ብርድ አንሶላ መች ይደርቃል... ጫፉን ያዢልኝ እስቲ ሳሚዬ። ሰርጉማ አማረ! የወንድሜን ልጅ ሙሽራ ሆና ብታዪያት! ደጋን ደግሞ ሰዉ ደግ ነው፤ ሻይ ሳትጠጪ ደጃፉን አያሳልፍሽም። የደጋን ልጅ የትም ብትሄድ ደግነቷ አይለቃትም፣ አይደል? አንዳንዷማ ደግነቷ ከሰው ተርፎ ለእንስሳ ይደርሳል...

እኔ ሙያ አደንቃለሁ። ወላሂ! ለብስኩት እንዲህ የሚለፋ አይቼ አላውቅም። አጥንቱ ከሰኞ ገበያ ተመርጦ ይመጣል፤ ሥጋ የተረፈበት ብቻ። እስኪለቅ ይቀቀላል፣ መረቁ ይጠለላል፣ በሱ ዱቄትና አጃ ይለወሳል፤ እንቁላል ይገባበታል፣ ካሮት ይፈቀፈቅበታል። ጨው የለ፣ ስኳር የለ። ሽንኩርትማ በአጠገቡም አያልፍ፤ ለውሻ አይስማማውም አሉ። ከዚያ በአጥንት ቅርጽ ይቆረጥና ድንጋይ እስኪመስል በቀስታ ይደርቃል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያሉት የውጭ ሰዎች ናቸው የሚሻሙበት። ሐላል ሥራ ነው፤ ማን ይነቅፋል? እኔ እነቅፋለሁ?... ማሻአላህ ነው እንጂ።

ርኅራኄውስ! ባለፈው ውሻው ቦቢ ዓይኑ አለቀሰ አሉ። የኔና ያንቺ ዓይን ቢያለቅስ በሻሽ ጫፍ ጠርገን እንቀመጣለን። ለቦቢ ግን ኮንትራት መኪና ተያዘለት፤ ፎጣ ተነጠፈለት፤ ኮምቦልቻ ድረስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሥራ አለ አልተባለ፣ ትእዛዝ ደረሰ አልተባለ። ጠብታውንም ሰዓቱን ጠብቃ የምታደርግለት ራሷ ናት። ‹ልጄ› ነው የምትለው እኮ። ልጄ ና፣ ልጄ ብላ... የጥንቶቹ ‹ከራስ በላይ ነፋስ› ይሉ ነበር። ነፋስ ብቻ መስሏቸው!

ለመሆኑ ከኮምቦልቻ ደጋን ሩቅ ነው እንዴ? እኔ መንገድ ስለማላውቅ ነው። ትናንት በሚኒባስ ስመጣ ሻሼን አስተካክዬ ቀና ስል ኮምቦልቻ ነኝ። ለውሻ ግን ይለያል ይሆናል። መኪና ሊያጥወለውለው ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት ይወሰዳል? ነፍስ ነው...»

የመዳመጫው ድምፅ ቆመ። ሳሚያ ወደ መስኮቱ ልትዞር ስትል ነጂባ አንሶላውን ሳብ አደረገችባት።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ምን እያልኩሽ ነበር... አዎ፣ ደጋን። እማ መርየም ቤት ዘለቅኩ። አታውቂያቸውም? ልጃቸው እዚሁ እኛ ሰፈር... እንግዲህ ሰፈሩ ሰፊ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነው። ሰኞ እዚህ ደሴ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ይመጣሉ። ተመዝግበዋል፤ የቀረው አምጥቶ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው። ‹ከኔ ጋር ይሂዱ› ብላቸው ‹የለም፣ ልጄ ትመጣለች› አሉኝ። ‹ሰኞ ካለፈ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም እኮ› ብላቸው ‹አብሽሪ፣ ትመጣለች፤ ሥራ ይዟት ነው› አሉ። ምን ትያቸዋለሽ? ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ሰው ደግሞ በጠባበት ዝም ይላል። ሁሉም እንደ ተፈጥሮው ነው...

ባዶ እጄንም አልሄድኩ። በዚህ አጥር፣ ወይም በሌላ አጥር፣ ረሳሁት፣ ፌስታል ተቀብዬ ነበር። ‹ለእማዬ ስጪልኝ፤ ብስኩት ነው› ተብዬ። እንዴት ደስ አለኝ! ወርቅ ላበደረ ጠጠር በሚከፈልበት ዘመን፣ ጡት ላጠባ ብስኩት መገኘቱ ቀላል ነው? አጠገባቸው ሆኜ ስፈታው ስብርባሪ ነው። ጠርዙ ያረረ፣ ወገቡ የተሰነጠቀ... ሙሉው የደንበኛ ነዋ! ከሥር ግን ሳይሰበር ያመለጠ አንድ ተገኘ። በሁለቱም ጫፉ ጉብ ጉብ ያለ... አጥንት። እማ መርየም በጣታቸው ዳሰሱት፣ ዳሰሱትና፣ ‹አበባ አስመስላ ነው የሠራችው?› አሉኝ። ያረቢ! አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ‹አዎ፣ አበባ ነው› አልኳቸው።

ጥርስ የላቸውም። ስብርባሪውን ሻይ ውስጥ ነከሩት፤ እሺ አይልም። ደግመው ነከሩት፤ በድዳቸው ሲያሹት ቆዩ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ጨውም ስኳርም የለበት። ደም ግፊቴንም ስኳሬንም አልረሳችው፣ የኔ ልጅ!› ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያሉት። ለጎረቤቱ ሁሉ ቆርሰው አደሉ፤ ‹ልጄ በእጇ ጋግራ የላከችልኝ› እያሉ። አበባውን ግን አልበሉትም። በመሐረብ ቋጥረው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡት። ‹ሰኞ ዓይኔ ሲበራ አየዋለሁ› ብለው...»

ከመስኮቱ የሚያርር ነገር ሸተተ። የሚያወጣው ሰው ግን የለም።

«ይሸትሻል ሳሚዬ? የኛ አይደለም፤ እኛ እሳት ላይ የጣድነው የለን። በይ የመጨረሻውን መቆንጠጫ ስጪኝ። ስወጣ እጄን ይዘው ዱዓ አደረጉላት። ‹ቃሉን ሳታጎድይ አድርሺልኝ› ብለው አደራ ጥለውብኛል። አደራ ከባድ ነው፤ ግን እንዲህ ያለችውን ልጅ የት ብዬ አገኛታለሁ? ላንቺ ልንገርሽና ነፋሱ ያድርሰው። እንዲህ ነው ያሉት፣ እንባቸው በዚያ በማያየው ዓይናቸው እየወረደ፦ ‹አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው፤ እንደኔ እስክትሸመግል ያቆያት። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ለኔ ያደረገችልኝን ሁሉ፣ አንድም ሳያጎድሉ፣ ልጆቿ ያድርጉላት።›

እኔም ከልቤ አሚን ብያለሁ።»